የወባ መመርመሪያው ቀይ መስመር፦ ተረትና እውነታ

በዋግ፣ ከሰቆጣ ደጋ ወደ ተከዜ፣ ወደ ዝቋላና አበርገሌ ቆላ ሲወረድ ትኩሳት ሁሉ ወባን ያስጠረጥራል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጣት ወግታ አንድ ጠብታ ደም መመርመሪያው ላይ ታሳርፋለች፤ ማሟሟቻውን ጨምራ ሩብ ሰዓት ያህል ትጠብቃለች። ስለሚወጣው ቀይ መስመር ግን ብዙ የተሳሳተ ግምት አለ።

ተረት፦ መስመሩ የሚቀላው በታማሚው ደም ነው።
እውነታ፦ ቅላቱ የወርቅ ነው። እጅግ የደቀቀ ወርቅ መልኩ ቀይ ነው። ብናኙ የተጣበቀው በፀረ እንግዳ አካል (አንቲቦዲ) ላይ ሲሆን፣ አንቲቦዲው የወባ ተውሳኩን ፕሮቲን ይዞ መስመሩ ላይ ሲጠራቀም ይታያል።

ተረት፦ አንቲቦዲ የሚገኘው ከእንስሳ ደም ብቻ ነው።
እውነታ፦ በ1975 እ.ኤ.አ. ጆርጅ ኮህለርና ሴዛር ሚልስታይን ኬምብሪጅ ውስጥ አንቲቦዲ የሚሠራን የአይጥ ሴል መባዛት ከማያቆም የካንሰር ሴል ጋር አዋሐዱ፤ በ1984ም ከኒልስ የርነ ጋር ኖቤል ተሸለሙ። ድቅሉ ሴል ከእንስሳ አካል ውጭ፣ በፈሳሽ ምግብ ውስጥ እየተራባ አንድ ዓይነት አንቲቦዲ ብቻ ያመርታል።

ተረት፦ ሴሉ በበዛ ቁጥር ምርቱም ይበዛል።
እውነታ፦ ቀፎ በንብ ሞላ ማለት በማር ሞላ ማለት እንዳልሆነ የዋግ ንብ አናቢ ያውቀዋል። ለመድኃኒት የሚሆን አንቲቦዲ የሚሠሩትን የሃምስተር ሴሎች አምራቾች መጀመሪያ በ37 ዲግሪ ያራቧቸዋል፤ ከዚያ ሙቀቱን ወደ 30–33 ያወርዳሉ። መራባቱ ይገታል፣ ዕድሜያቸው ይረዝማል፣ ብዙ ጊዜም እያንዳንዱ ሴል የሚያመነጨው ይጨምራል። ዘዴው ለሁሉም የሴል ዝርያ አይሠራም፤ የአይጥ ድቅሎች ላይ ብዙ ጊዜ አልያዘም። ስለዚህ ለየዝርያው ይሞከራል።

ተረት፦ ምግቡ በገፍ ከቀረበ ይበቃል።
እውነታ፦ ትርፍ ግሉኮስ ላክቲክ አሲድ፣ ትርፍ ግሉታሚን ደግሞ አሞኒያ ይሆናል፤ ሁለቱም ሲጠራቀሙ ሴሉን ይጎዳሉ። በመሆኑም ምግቡ በየጊዜው በጥቂት በጥቂቱ ይጨመራል፤ አሲድነቱና ኦክስጅኑም ይለካል።

ተረት፦ የወባው መስመር ካልወጣ ወባ የለም።
እውነታ፦ ከወባው መስመር ሌላ ያለው የመቆጣጠሪያ መስመር የሚናገረው መመርመሪያው መሥራቱን ብቻ ነው። ብዙዎቹ መመርመሪያዎች ፋልሲፓረም የተባለውን የወባ ተውሳክ የሚለዩት «ኤችአርፒ2» በተባለ ፕሮቲን ሲሆን፣ ይህን ፕሮቲን የማይሠሩ ተውሳኮች በኢትዮጵያ ተገኝተዋል። የሴሎቹን ሙቀትና ምግብ ማስተካከል አንቲቦዲውን ያበዛዋል እንጂ የሚያውቀውን ነገር አይለውጥም፤ ለእነዚህ ተውሳኮች ሌላ ፕሮቲን የሚይዝ አንቲቦዲ ያስፈልጋል። ትኩሳቱ ካልበረደ ጤና ጣቢያ ሄዶ ደምን በማይክሮስኮፕ ማስመርመር ይገባል።