ምርኩዙ እስኪመጣ ድረስ

ባለፈው ሰሞን ሸዋ ሮቢት፣ እህቴ ቤት ሰንብቼ ነበር። ልጇ 15 ዓመቱ ነው። ስልኩ ላይ ደጋግሞ የሚያየው ቪዲዮ የማን መሰላችሁ? የኳስ ተጫዋች አይደለም። ስዊድናዊው ሞንዶ ዱፕላንቲስ መስከረም 5 ቀን 2018 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ 6 ሜትር ከ30 ዘሎ የዓለምን የምርኩዝ ዝላይ ክብረ ወሰን የሰበረበትን ነው።

«ጋሼ፣ ይሄን እኮ በቀርከሃ መለማመድ ይቻላል» አለኝና ጓሮ ወሰደኝ። አራት ሜትር የሚሆን ቀርከሃ ግድግዳው ላይ ተደግፎ ቆሟል። ማረፊያው ደግሞ የጤፍ ጭድ!

የግራ እጄን አንጓ አሳየሁት። በእሱ ዕድሜ እያለሁ የመስኖ ቦይ በቀርከሃ ልሻገር ስል መሃል ላይ ተሰብሮብኝ ነው። እስከ ዛሬ እንደ ልብ አይታጠፍም።

ለነገሩ ልጁ ያሰበው ነገር ቂልነት አይደለም። ኔዘርላንድ ውስጥ በፍሪስላንድ ገበሬዎች ቦይ የሚሻገሩት በረጅም እንጨት ተመርኩዘው ነበር፤ ዛሬም ይወዳደሩበታል። ቀርከሃም ቢሆን ታሪክ አለው። አሜሪካዊው ኮርኔሊየስ ዋርመርዳም በ1934 ዓ.ም. በቀርከሃ ምርኩዝ 4 ሜትር ከ77 ዘሏል። አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ሮምን ባስደነቀበት በ1952ቱ ኦሊምፒክ የምርኩዝ ዝላይ ወርቅ የተገኘው በብረት ምርኩዝ ነበር። አበበ ቶኪዮ ላይ ሲደግም ግን ተራው የፋይበርግላስ ሆነ፤ የሚለመጥና መልሶ ሰውን ወደ ላይ የሚወረውር ምርኩዝ። ያኔ ነው ከፍታው የተመነደገው። ከፍታው ሲጨምር ደግሞ አወራረዱም ተለወጠ። የድሮዎቹ አሸዋ ወይም ሰጋቱራ ላይ በእግራቸው ነበር የሚያርፉት፤ ሞንዶ የሚወርደው በጀርባው ነው። ጭድ ላይ በጀርባ መውደቅ ማለት አንገትን በእጣ መጣል ነው።

ታዲያ ልጁን ምን ልበለው? «ተው» ብሎ መሄድ ቀላል ነበር። እኔ ግን ሌላ ነገር ጠየቅኩት። «ሞንዶ የውድድር ዘመኑ ሲዘጋ ምን እንደሚሠራ ታውቃለህ?» አላወቀም። ቪዲዮው የሚያሳየው የመጨረሻዎቹን ጥቂት ሰከንዶች ብቻ ነው።

ትልልቆቹ ውድድሮች መስከረም ላይ ይዘጋሉ። ከዚያ ዘላዮቹ የተወሰኑ ሳምንታት ያርፋሉ፤ ሲመለሱም የመጀመሪያ ሥራቸው መዝለል አይደለም። ሩጫ ነው። ምክንያቱ ሒሳብ ነው። በሰከንድ 9 ሜትር የሚሮጥ ሰው ፍጥነቱን በሙሉ ወደ ከፍታ መቀየር ቢችል 4 ሜትር ከ10 ያህል ይነሳል። 10 ሜትር ከሮጠ 5 ሜትር ከ10 ይደርሳል። መነሻው ላይ ወገቡ ከመሬት 1 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ ስላለ፣ እሱን ጨምሩበት። በሰከንድ አንድ ሜትር ፍጥነት ማከል አንድ ሜትር ከፍታ አመጣ ማለት ነው። ሞንዶ በ2016 ዓ.ም. ነሐሴ መጨረሻ ላይ ዙሪክ ውስጥ ከ400 ሜትር መሰናክል የክብረ ወሰን ባለቤቱ ካርስተን ዋርሆልም ጋር 100 ሜትር ሮጦ በ10.37 ሰከንድ ያሸነፈው በአጋጣሚ አይደለም።

ለሩጫው ደግሞ ሸዋ ሮቢት ምን ያንሳታል? ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ጠዋት ብርዱ ጡንቻን ያደርቃል፣ በሁለት ፈጣን ሩጫ መሃል ትንፋሽ ለመመለስም ጊዜ ይወስዳል። ጣርማበርን ወርዳችሁ፣ ደብረ ሲናን አልፋችሁ ይፋት ቆላ ስትገቡ ከባሕር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር እንኳ አይሞላም። ለማራቶን ሯጭ ደጋው ይሻላል፤ ለፈጣን ሯጭ ግን ሙቀቱ ወዳጅ ነው፣ ፀሐይዋ ሳትከርር ከተነሳ።

ስለዚህ አንድ ላይ ቁጭ ብለን አወጣነው። ጥቅምትና ኅዳር ዝላይ የለም። በሳምንት ሁለት ቀን አጭር ዳገት፣ 30 እና 40 ሜትር፣ በሙሉ ኃይል፤ በየመሃሉ ሙሉ እረፍት። አንድ ቀን ሮቢ ወንዝ ዳር አሸዋ ላይ በአንድ እግርና በሁለት እግር መዝለል። (ሰማዩ ጠቁሮ ደብረ ሲና ላይ ከዘነበ ወንዙ አጠገብ ዝር እንዳይል አስምዬዋለሁ፤ ቆላ ያደገ ደራሽ ውኃን ያውቀዋል።) በቀሩት ቀናት የማንጎ ዛፍ ላይ ገመድ መውጣት፣ ተንጠልጥሎ እግርን እስከ እጅ ማንሳት፣ በእጅ መቆም። ዘላይ አየር ላይ ተገልብጦ ወደ ላይ የሚገፋው በእነዚህ ነው። ረጅም ዱላ ይዞ መሮጥም ይቻላል፤ መሮጥ ብቻ፣ መትከል አይደለም።

የማይቻለውንም አልደበቅኩትም። ለትልቅ ውድድር ማረፊያ ፍራሹ ቢያንስ 6 ሜትር በ6 ሜትር፣ ውፍረቱ 80 ሴንቲ ሜትር መሆን አለበት። ምርኩዙ የሚተከልበት ሳጥን አለ፣ ጥልቀቱ 20 ሴንቲ ሜትር። ምርኩዙም እንደ ሰውየው ክብደት ይመረጣል፤ ካንተ ክብደት በታች የተሠራውን ከያዝክ ሊሰበር ይችላል። ይሄን ሁሉ ቤተሰብ አይገዛም። አምስት ሜትር ምርኩዝ ሚኒባስ ጣሪያ ላይ አስሮ ጣርማበርን መውረድ ራሱ አንድ ስፖርት ነው።

ኢትዮጵያ እስካሁን ያመጣቻቸው የኦሊምፒክ ሜዳሊያዎች በሙሉ የሩጫ ናቸው፤ አጭሩ ርቀት ፅጌ ዱጉማ ፓሪስ ላይ ብር ያገኘችበት 800 ሜትር ነው። ምርኩዝ ዝላይ በአገር አቀፉ ሻምፒዮና ውስጥ አለ፣ ግን ማን ያየዋል? አፍሪካ ውስጥ 6 ሜትርን ያለፈው ደቡብ አፍሪካዊው ኦከርት ብሪትስ ነው፣ 6 ሜትር ከ03፤ ያውም በ1987 ዓ.ም.። እኔ ልጁ ሞንዶ ይሆናል አላልኩም። ፈጣን ከሆነ ግን ርዝመት ዝላይም፣ 100 ሜትርም፣ መሰናክልም ይጠብቁታል፤ ደብረ ብርሃን ያለው የአትሌቲክስ ማሰልጠኛም ሩቅ አይደለም። ሰዓቱን ይዞ መሄድ ይችላል።

እህቴ አልተዋጠላትም። «ትምህርቱን ሊያስጥልብኝ ነው» ብላ ተቆጣችኝ። ማርኩ ከቀነሰ ገመዱ ከዛፉ ይወርዳል ተባብለን ታረቅን።

እሑድ ሰንበቴ ገበያ ሄደን ጠንካራ ገመድ ገዛን። በማግስቱ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ 30 ሜትር በሜትር ለክተን አስሮጥኩት፤ በስልኬ ሰዓት 4.7 ሰከንድ። በእጅ የተያዘ ሰዓት ስለሆነ ብዙም አይታመንም፤ ግን ግድግዳው ላይ በከሰል ጻፈው። በየሁለት ሳምንቱ እየለካ ሊልክልኝ ቃል ገብቷል። ቀርከሃውን እናቱ የልብስ ማስጫ ደገፈችበት።