ከአራዳ ምድር በታች

ስለ ፒያሳ ሲወራ የሚነሳው ከመሬት በላይ ያለው ነው። የጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን፣ የምኒልክ ሐውልት፣ ጣይቱ ሆቴል፣ ሲኒማ ኢትዮጵያ፣ ወርቅ ቤቶቹ፣ ኬክ ቤቶቹ። እኔ ግን አራዳን ይበልጥ የማውቃት በታችኛው በኩል ነው። በነርስነት ዘመኔ በሰፈሮቿ ቤት ለቤት ስዞር፣ ተቅማጥ ያለበት ሕፃን ባገኘሁ ቁጥር እናቱን ሁለት ነገር እጠይቅ ነበር፤ ውሃ የምትቀጂው ከየት ነው? ሽንት ቤታችሁስ የት ነው? የሁለቱም መልስ ያለው ከእግራችን በታች ነው።

ኮረብታ፣ ወንዝና ፍል ውሃ

አዲስ አበባ የወንዝ ከተማ ናት ቢባል የሚስቅ አይጠፋም። ወንዝ ሲባል ዓባይን የምናስብ ሰዎች ነንና። ሆኖም ቀበና፣ ግንፍሌ፣ ቀጨኔ፣ ባንተይቀጡ፣ ቁርጡሜ የሰፈር ስሞች ብቻ አይደሉም፤ ወንዞች ናቸው። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው እንጦጦና ከሥሩ ካሉት ኮረብቶች ተነስተው ከተማዋን እየሰነጠቁ ወደ አቃቂ ይወርዳሉ፤ አባ ሳሙኤል ሐይቅ ገብተውም ወደ አዋሽ ያልፋሉ።

ከተማዋ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር መኳንንቱ ኮረብታ ኮረብታውን ይዘው ሰፈሩ። በሰፈርና በሰፈር መካከል ወንዝ ቀረ። ከፒያሳ ወደ አራት ኪሎ የሚሄድ ሰው ራስ መኮንን ድልድይ ላይ ወርዶ እንደገና ሽቅብ የሚወጣው ለዚህ ነው። ነገሩን ካሰብነው፣ እቴጌ ጣይቱን ከእንጦጦ ብርድ ያወረዳቸውም ከምድር በታች የሚፈልቀው ፍል ውሃ ነው።

ኮረብታ ላይ የተሠራ ከተማ ጥቅሙ ጎርፍ አይተኛበትም። ጉዳቱ ደግሞ የላይኛው ቤት ጥሎት የሄደው ሁሉ ለታችኛው ቤት መትረፉ ነው። ክረምት በገባ ቁጥር በወንዙ ዳር ያሉ ቤቶች የሚቸገሩት በራሳቸው ቆሻሻ ብቻ ሳይሆን በኮረብታው ሁሉ ቆሻሻ ነው።

አንድ ጉድጓድ ለብዙ ቤት

ሐምሌ 1967 ዓ.ም. ትርፍ ቤት ሲወረስ የአራዳ አሮጌ ቤቶች አብዛኞቹ የቀበሌ ሆኑ። አንዱ ግቢ ለብዙ አባወራ ተከፋፈለ፤ ሽንት ቤቱ ግን ያው አንድ ነበር። ጉድጓዱ ሲሞላ መምጠጫ መኪና ይጠራል። መኪናው ግን ሰው ተጎናብሶ በሚያልፍበት መንገድ እንዴት ይግባ? ስለዚህ አሮጌው ጉድጓድ ይደፈንና አጠገቡ ሌላ ይቆፈራል። ከተወሰኑ ዓመታት በኋላ በተደፈነው ላይ ማድ ቤት ይቀጠላል፤ ልጅ ሲያገባ ደግሞ አንዲት ክፍል ትጨመርበታለች። በዚህ ዓይነት የሰፈሩ ሰው ሳያውቀው በጉድጓድ ላይ ጉድጓድ፣ በጉድጓድ ላይ ቤት ሲሠራ ኖረ።

በዚሁ አፈር ውስጥ የብረት የውሃ ቧንቧ አብሮ ያልፋል። ውሃ ባለበት ሰዓት ቧንቧው ቢቀደድ እንኳ ግፊቱ ውሃውን ወደ ውጭ ይገፋዋል። ውሃ በፈረቃ ሲሆንና ቧንቧው ባዶ ሲቀር ግን ነገሩ ይገለበጣል። ግፊት ያጣው ቧንቧ በዛገው ቀዳዳ በኩል በዙሪያው ያለውን እርጥበት ወደ ውስጥ ይስባል። ውሃ በመጣ ቀን መጀመሪያ የሚወርደው ድፍርስ ዝገት ብቻ ላይሆን ይችላል።

እማማ ያወቁት

በሠራተኛ ሰፈር አቅራቢያ በአንድ ግቢ ሕፃናት በተደጋጋሚ ይታመሙ ነበር። መድኃኒት ወስደው ይድናሉ፤ ወሩ ሳይሞላ ይመለሳሉ። እናቶቹ ንጹሕ ናቸው፤ ቤቱ ይጠረጋል፤ ዕቃው ይታጠባል። አንድ ቀን በግቢው ረጅም ዕድሜ የኖሩ እማማ ቡና እያፈሉ ጠሩኝ።

"ሲስተር፣ ልጄ፣ ያ ቧንቧ የቆመበትን ታያለሽ? ያኔ እኔ ሙሽራ ሆኜ ስገባ ሽንት ቤቱ እዚያ ነበር" አሉኝ።

ቧንቧው በሌላ በኩል ዞሮ እስኪቀጠል ድረስ ነዋሪዎቹ ውሃ ከጎረቤት ግቢ እንዲቀዱ፣ አፍልተውም እንዲጠጡ ተስማማን። ቧንቧው ከዞረ በኋላ በዚያ ግቢ ተቅማጥ ጨርሶ ጠፋ ባልልም፣ ያ መመላለስ ግን ቀረ። ይህን ያገኘው ምርመራ አልነበረም፤ የአሮጊት ትዝታ ነው።

ይህ በእኛ ብቻ የሆነ አይደለም። በ1854 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ በሶሆ ሰፈር ኮሌራ በቀናት ውስጥ መቶዎችን ገደለ። ሐኪሙ ጆን ስኖው የሟቾቹን ቤት ሲከታተል አብዛኞቹ በአንድ የውሃ ፓምፕ ዙሪያ መሆናቸውን አየ፤ የፓምፑም እጀታ ተነቀለ፤ በኋላም ሞቶቹን ካርታ ላይ አሰፈራቸው። መነሻውን ያገኘው ግን የሰፈሩን ቤተሰቦች የሚያውቀው ቄስ ሄንሪ ኋይትሄድ ነበር። አንዲት እናት የታመመ ሕፃኗን ጨርቅ ያጠበችበትን ውሃ ከቤቷ ፊት ባለ ጉድጓድ ደፍታው ነበር። ጉድጓዱ ሲቆፈር ወደ ፓምፑ ውሃ ይሰርግ እንደነበር ታየ። ሐኪሙ ካርታ ነበረው፤ ቄሱ ጎረቤት ነበረው።

ዛሬስ?

በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ ዶሮ ማነቂያ፣ እሪ በከንቱ፣ ሠራተኛ ሰፈርና ሌሎችም የምናውቃቸው ቦታዎች መልካቸው ተለወጠ። መንገዱ ሰፋ፤ የእግረኛ መሄጃው አማረ፤ ኬብሉም መሬት ገባ። ያረጀ ቧንቧ በአዲስ መተካቱን እንደ ጤና ባለሙያ አደንቃለሁ። የሰዉ መበተን፣ የእድርና የጽዋው መፍረስ ደግሞ እንደ ሰፈሩ ወዳጅ ያሳዝነኛል።

ከሀዘኑ ሌላ አንድ ስጋት አለኝ። ቤት ሲፈርስ ጣሪያና ግድግዳ ይነሳል፤ ጉድጓድ ግን በአፈር ይሞላል እንጂ ተነቅሎ አይሄድም። ጉድጓዱ የት እንደነበር የሚያውቁት እማማዎችና አባባዎች ዛሬ በከተማው ዳር ዳር ተበትነዋል። ትዝታቸው ያልተጻፈ ካርታ ነው። በ1998 ክረምትና በ1999 መባቻ፣ ደግሞም በ2008 ዓ.ም. ክረምት፣ አተት አዲስ አበባ ሲገባ ምን ዓይነት ጭንቅ እንደነበር ያየ ሰው ይህን ነገር አያቃልለውም።

በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ደጃፋችንን ጠርገን ቆሻሻ እናጤሳለን። ልማዱ በ1911 ዓ.ም. ከመጣው የኅዳር በሽታ ጋር ይያያዛል። ከላይ ያለውን እንደምናጥነው ሁሉ ከታች ላለውም ማሰብ ይገባናል። ስለዚህ ከቤተሰብ ጀምሮ ልናደርግ የምንችለውን ልናገር።

• በዕድሜ የገፉ የአራዳ ልጅ ቤታችሁ ካሉ ጠይቋቸው። የድሮው ጉድጓድ፣ ምንጭና ቧንቧ የት እንደነበር በደብተር ጻፉ። በአቅራቢያው የሚቆፈር ነገር ካለ ለወረዳው አሳውቁ።

• ውሃ በፈረቃ ሲመጣ የመጀመሪያውን ድፍርስ ውሃ አትጠጡት፤ ለሽንት ቤት አውሉት። የጠራውን ውሃ ለመጠጥ አፍሉት ወይም እንደ ውሃ አጋር ባለ ማከሚያ በመመሪያው መሠረት አክሙት። ጀሪካንና ሮቶ በየጊዜው ይታጠብ።

• አሮጌ ጉድጓድ ሲከፈት ማንም ወደ ውስጥ አይግባ። ከውስጡ የሚወጣው ጋዝ ሰው በቅጽበት ይጥላል፤ የወደቀውን ለማውጣት የገባውም አብሮ ይቀራል። ሽታው መጥፋቱ ደህንነት አይደለም፤ ጋዙ ሲበረታ አፍንጫ ማሽተት ያቆማል።

• ሕፃናት በተቆፈረ አፈር እንዳይጫወቱ። የወስፋት እንቁላል አፈር ውስጥ ለዓመታት ይቆያል። ከጨዋታ በኋላ እጃቸው በሳሙና ይታጠብ።

• ወንዙ የጓሮ አትክልት ያጠጣል። ሰላጣ በጥሬው ከመብላት ቆስጣና ጎመን በደንብ አብስሎ መብላት ይሻላል።

• ተቅማጥ ከጀመረ ኦ.አር.ኤስ. ስጡ። ከሌለ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ 6 ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጡ። ጡት የሚጠባ ሕፃን ጡት አይከልከል። ውሃ የመሰለ ተቅማጥ ከበዛ፣ ዓይኑ ከሰረጎደ ወይም ከደከመ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

እድራችሁ አዲስ ሰፈር ላይ እንደገና ሲሰበሰብ ከድንኳኑና ከወንበሩ ሌላ አንድ አጀንዳ ያዙ። አሁን የምትኖሩበት ቤት ፍሳሽ ወዴት ይሄዳል? ውሃውስ በየት በኩል ይመጣል? ዛሬ ብትጽፉት ከሃምሳ ዓመት በኋላ ለሚመጣው ነርስ ሥራውን ታቀሉለታላችሁ።