የዲስክ መቆጣጠሪያ ሬጅስተሮችና ስማቸው

የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ሊነስ ቶርቫልድስ፣ ሊኑክስ የተባለውን ሥርዓተ ክወና እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1991 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ በገለጠ ጊዜ፣ ከጻፋቸው ፋይሎች አንዱ በራሱ ምንም ሥራ የማይሠራ፣ የሬጅስተሮችና የትእዛዞች ስምና ቁጥር ብቻ የተደረደረበት አጭር መዝገብ ነበር። ይሁን እንጂ ዲስኩን የሚያዝዘው ፕሮግራም፣ ድራይቨር የሚባለው፣ ከሃርድዌሩ ጋር የሚነጋገርበትን ቃል ሁሉ የሚያገኘው ከዚሁ መዝገብ ነበር።

ሬጅስተር በዲስኩ መቆጣጠሪያ ውስጥ የምትገኝ፣ አብዛኛውን ጊዜ ስምንት ቢት ብቻ የምትይዝ ጠባብ ማኅደር ናት። አይቢኤም በ1984 ካወጣው ፒሲ ኤቲ ጀምሮ በጸናው ልማድ፣ የመጀመሪያው ዲስክ መቆጣጠሪያ ሬጅስተሮች ከ496 እስከ 503 ባሉት የፖርት፣ ማለትም የአድራሻ፣ ቁጥሮች ይጠራሉ፤ የሙያው ሰዎች እነዚህን በ16 መሠረት ቢጽፏቸውም፣ ለአንባቢ እንዲቀል እኔ በተለመደው አቆጣጠር አስቀምጫቸዋለሁ። ቁጥሮቹን የደነገገው ሃርድዌሩን የሠራው ነውና ለፕሮግራም ጸሐፊው የቀረለት ሥልጣን ስም ማውጣት ብቻ ነው፤ ነገር ግን 32 ‹‹አንብብ››፣ 48 ደግሞ ‹‹ጻፍ›› ማለት በሆነበት አገር፣ ይህን ሥልጣን የሚንቅ ሰው ብዙ ሳይቆይ ይጸጸታል።

ሴክተሮች ከዜሮ ጀምሮ በተራ ቁጥር በሚጠሩበት ሥርዓት፣ ቁጥሩ 1000 የሆነውን ሴክተር፣ ማለትም 512 ባይት የሚይዘውን ክፍል፣ ለማንበብ የሚሻ ድራይቨር፣ አንድ ሴክተር ብቻ መፈለጉን ለማስታወቅ በ498 ላይ 1 ይጽፋል፤ 1000 በአንዲት ባይት ስለማይገባም ሦስት ጊዜ 256 እና 232 አድርጎ ከፍሎ፣ 232ን በ499፣ 3ን በ500፣ 0ን በ501 ያኖራል፤ የሚጠራው የመጀመሪያው ዲስክ መሆኑን ለመግለጥ በ502 ላይ 224 ከጻፈ በኋላ፣ በመጨረሻ 503 ላይ 32 ሲጽፍ ዲስኩ ሥራውን ይጀምራል። መረጃው በተዘጋጀም ጊዜ በ496 በኩል፣ ሁለት ሁለት ባይት እየሆነ፣ 256 ጊዜ ይቀዳል።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን 503 ነው። ሲጽፉበት ትእዛዝ ተቀባይ፣ ሲያነቡት ሁኔታ ተናጋሪ ነው፤ ባለጉዳይ አቤቱታውን ባስገባበት መስኮት የሚቀበለው ውሳኔውን እንጂ ያንኑ አቤቱታ እንዳልሆነ ሁሉ፣ ድራይቨሩም የጻፈውን መልሶ ማንበብ አይቻለውም። ስለዚህ ቶርቫልድስ ለዚህ ለአንዱ ቁጥር ኤችዲ ስታተስና ኤችዲ ኮማንድ የሚሉ ሁለት ስሞች አወጣለት፤ መልካምም አደረገ። ከዚያ የተነበበው 88 ቢሆን፣ 88 በድምሩ ትርጉም የለውም፤ 64፣ 16 እና 8 ተብሎ ሲበተን ግን ‹‹ዝግጁ ነኝ››፣ ‹‹ከተባለው ስፍራ ደርሻለሁ››፣ ‹‹መረጃውን ውሰድ›› የሚሉ ሦስት ቃላት ይወጡታል። የ128 ቢት ከታየ ዲስኩ በሥራ ላይ ስለሆነ የቀሩት ምልክቶች አይታመኑም፤ የ1 ቢት ስሕተት መድረሱን ይናገራል።

በዚህ ላይ ደግሞ ማንበቡ ራሱ ድርጊት ነው፤ ዲስኩ ሥራዬን ጨርሻለሁ ሲል ለፕሮሰሰሩ የላከው ጥሪ፣ 503 በተነበበ ቅጽበት ይሰረዛል። ነገሩን ለመመርመር ብቻ ብሎ አንዲት የንባብ መስመር ጣልቃ የሚያስገባ ጀማሪ፣ ድራይቨሩ የሚጠብቀውን ጥሪ ሳያውቀው ሊውጠው ይችላል። ያንኑ ሁኔታ ጥሪውን ሳይሰርዝ የሚናገር ሌላ ሬጅስተር በ1014 የተቀመጠው ያለ ምክንያት አይደለም።

የሴክተር ቁጥር በ28 ቢት የተወሰነ በመሆኑ፣ ከ137 ጊጋባይት የሚበልጥ ዲስክ ዳር እስከ ዳር ሊጠራ ባልቻለ ጊዜ፣ መሐንዲሶቹ አዲስ ፖርት አልከፈቱም፤ ከ498 እስከ 501 ባሉት ላይ ሁለት ሁለት ጊዜ እንዲጻፍ፣ አስቀድሞ ከፍተኛው ባይት፣ ቀጥሎም ዝቅተኛው እንዲገባ ደነገጉ። ዘዴው ብልሃት ቢሆንም ውበት ያለው አይመስለኝም፤ ሆኖም የቀድሞዎቹ የሬጅስተር ስሞች ሳይፋቁ ቀሩ፣ በመዝገቡም ላይ 36 የሚለውን አዲሱን የንባብ ትእዛዝና መሰሎቹን መጨመር በቃ።