ሁለቱን ካንዲዳዎች ስለ መለየት

በሕክምና ቤተ ሙከራ ለምታገለግሉ ወንድሞችና እኅቶች፦

ካንዲዳ አልቢካንስ የሚባለው እርሾ መሰል ፈንገስ፥ በሰው ሴረም ውስጥ በ37 ዲግሪ ሙቀት ሁለት ሦስት ሰዓት ሲቆይ ቀጭን ቱቦ ስለሚያበቅል፥ ለብዙ ዘመን በዚህ ምልክት ብቻ ሲለይ ኖሯል፤ ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1995 ከኤችአይቪ ሕሙማን አፍ ተገኝቶ በአየርላንድ መዲና በደብሊን ስም ካንዲዳ ደብሊንየንሲስ የተሰኘው ዝርያ ያንኑ ቱቦ እንደሚያበቅል በታወቀ ጊዜ፥ ምልክቱ ብቻውን ታማኝ ምስክር አለመሆኑ ተገለጠ።

መልካቸው እንደ መንታ ቢመሳሰልም ጠባያቸው ይለያያል። አልቢካንስ በ45 ዲግሪ ሙቀት ሲያድግ ደብሊንየንሲስ አብዛኛውን ጊዜ አያድግም፤ በበቆሎ ዱቄት አጋር ላይም ደብሊንየንሲስ ግድግዳቸው ወፍራም የሆነ ክላሚዶስፖሮችን አብዝቶ፥ ብዙ ጊዜም ጥንድ ጥንድ ወይም ሦስት ሦስት አድርጎ ያፈራል። ይሁን እንጂ እነዚህ ጠባያት ከናሙና ናሙና የሚለዋወጡ ስለሆኑ፥ እኔ የመጨረሻውን ፍርድ የምተወው ለዲኤንኤ ነው፤ በራይቦሶም ጂኖች መካከል የሚገኘው አይ ቲ ኤስ የተባለው ክፍል በቅደም ተከተሉ ሲነበብ የሁለቱ ልዩነት ያለ ጥርጥር ይታያልና።

ደብሊንየንሲስ ፍሉኮናዞል የተባለውን መድኃኒት የመቋቋም ኃይል ሊያዳብር ስለሚችል፥ ሕክምናው ያልሠመረለት ሕመምተኛ ሲያጋጥማችሁ፥ በቱቦው ብቻ የተጻፈውን ውጤት እባካችሁ ደግማችሁ መርምሩ።