ከራስ ገላ ለራስ ቁስል
በጌዴኦ ዞን፣ በጌዴብ ወረዳ የምትገኘው ባንኮ ጎቲቲ ስሟ የሚጠራው በቡናዋ ነው። የዚያ አገር ገበሬ የቡና ችግኝ ከመደቡ ነቅሎ በዛፍና በእንሰት ጥላ ሲተክል፣ ሥሩ አፈር እስኪይዝ ድረስ እንዳይነቃነቅና እንዳይጠማ ይጠነቀቃል። ሐኪሞች እሳት የበላውን ገላ የሚያድኑበት ጥበብም ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ ስሙም ቢሆን የቆዳ ንቅለ ተከላ ይባላል።

የምድጃ እሳት ወይም የፈላ ውሃ ቆዳን እስከ ሥሩ ካቃጠለው፣ አዲስ ቆዳ የሚያበቅሉት ሕዋሳት ከስፍራው ይጠፋሉ። ቁስሉ የሚሸፈነው ከዳር ወደ መሀል እየተሳበ ብቻ ስለ ሆነ፣ ሰፊ እንደ ሆነ ለወራት ይቆያል። ሲድንም ጠባሳው ተኮማትሮ ጣትን ከመዳፍ፣ አገጭን ከደረት ሊያጣብቅ ይችላል።

ስለዚህ ሐኪሙ የሞተውን ሥጋ ካነሣ በኋላ፣ ከታማሚው ከራሱ ጭን እንደ ወረቀት የሳሳ ቆዳ ልጦ በቁስሉ ላይ ያነጥፈዋል። ይህ ቆዳ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ከቁስሉ የሚወጣውን ፈሳሽ እየመጠጠ ይኖራል፤ ከዚያም ጥቃቅን የደም ሥሮች ይገናኙታል፤ በአምስተኛው ቀን ገደማ ይይዛል። የተላጠው ጭንስ? በጠጉር ሥሮች ውስጥ የቀሩት ሕዋሳት በሁለት ሳምንት ያህል መልሰው ይሸፍኑታል።

ለዚህ ሕክምና መንገድ የከፈተው ስዊሳዊው ዣክ ሉዊ ሬቨርዳን ነው። እርሱም በ1869 እ.ኤ.አ. በፓሪስ ከታማሚው ገላ ጥቃቅን የቆዳ ቁራጮች ወስዶ በቁስሉ ላይ ተከለ።

«የወንድሜ ቆዳ ቢሆንልኝስ?» የሚል አይጠፋም። ቶማስ ጊብሰንና ፒተር ሜዳዋር በ1943 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጽሑፍ እንደ ገለጹት፣ በግላስጎው ለተቃጠለች ሴት የወንድሟ ቆዳ ቢተከልላት ገላዋ አልቀበልም አለ፤ ለሁለተኛ ጊዜ ሲተከልማ ፈጥኖ ጣለው። ሰውነት የራሱንና የባዕዱን ለይቶ ያውቃልና።

በአገራችን የአዲስ አበባው የካቲት 12 ሆስፒታል ቃጠሎን በማከም የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ ከባንኮ ጎቲቲ እስከዚያ መንገዱ ረጅም ነው። ስለዚህ፣ አንባቢ ሆይ፣ የመጀመሪያው ሕክምና በቤት ይጀመራል። የተቃጠለውን ገላ ወዲያው ለ20 ደቂቃ ያህል በሚፈስ ቀዝቃዛ ንጹሕ ውሃ ማብረድ፣ በንጹሕ ጨርቅ መሸፈን፣ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ነው። ቅቤ መቀባት ወይም የቡና ዱቄት መነስነስ ቁስሉን ያቆሽሸዋል። ቡናው ለስኒ ይቆይ።