ከካፋ ደን ቡና እስከ ቤተ ሙከራ፦ ስለ ዘረመል፣ ስለ ኢንዛይም እና ስለ ማኅበረሰቡ መብት

በቦንጋ ከተማ ዙሪያና በሌሎች የካፋ ዞን ወረዳዎች የሚኖር አርሶ አደር ከደን ቡናው ጥቂት ቅጠል ወይም ፍሬ ለጥናት እንዲሰጥ ሊጠየቅ ይችላል። ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ አንድ እፍኝ ቅጠል የገበያ ዋጋ የለውምና። ይሁን እንጂ በቅጠሉ ውስጥ ያለው ዘረመል ዋጋው ከዚህ እጅግ የላቀ ሊሆን ይችላል። ይህ ጽሑፍ ምክንያቱንና ሕጉ ለማኅበረሰቡ የሚሰጠውን ጥበቃ ያብራራል።

ሪኮምቢናንት ኢንዛይም ምንድን ነው?

ኢንዛይም በሕያዋን ሴሎች ውስጥ የኬሚካል ለውጦችን የሚያፋጥን ፕሮቲን ሲሆን፣ የአሠራሩ መመሪያ የሚገኘው በዘረመል ውስጥ ነው። ተመራማሪዎች ይህን ዘረመል ወስደው በባክቴሪያ ውስጥ በማስገባት ባክቴሪያው ኢንዛይሙን እንዲያመርት ማድረግ ይችላሉ። በዚህ ስልት የተገኘ ፕሮቲን «ሪኮምቢናንት» ይባላል። ለመድኃኒት ምርምር ከሚውሉት የአይጥ ኢንዛይሞች መካከል ብዙዎቹ በዚሁ መንገድ ይመረታሉ፤ ዘረመሉ አንድ ጊዜ ከታወቀ በኋላ ለእያንዳንዱ ምርት አዲስ አይጥ አያስፈልግም።

ለቡናም ተመሳሳይ ነው። በቡና ተክል ውስጥ ካፌይን የሚሠራው በተከታታይ በሚሳተፉ ኢንዛይሞች ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የጃፓን ተመራማሪዎች የሦስቱን ኢንዛይሞች ዘረመሎች ለይተው በባክቴሪያ ውስጥ በማሠራት ተግባራቸውን አረጋግጠዋል። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ግልጽ ነው፦ ዘረመሉ አንድ ጊዜ ከተነበበ ተመራማሪው ወደ ዛፉ መመለስ ላያስፈልገው ይችላል። ስለዚህ ስምምነት መፈጸም ያለበት ቅጠሉ ከመወሰዱ በፊት ነው።

ከታሪክ የሚገኝ ምሳሌ

እ.ኤ.አ. በ1964 እና 1965 በተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት በተመራ ተልዕኮ ከኢትዮጵያ የቡና ዘር ተሰብስቦ ለተለያዩ አገሮች ተሰራጭቷል። እ.ኤ.አ. በ2004 የብራዚል ተመራማሪዎች መነሻቸው ኢትዮጵያ ከሆኑ የቡና ዛፎች መካከል ካፌይን የሌላቸው ለማለት የሚያስችሉ ሦስት ተክሎችን ማግኘታቸውን አስታወቁ። ለዚህ ባሕርይ በምክንያትነት የተጠቀሰው የካፌይን ኢንዛይም ጉድለት ነበር። ዘሩ በተሰበሰበበት ዘመን የጥቅም ተካፋይነትን የሚደነግግ ሕግ በአገሪቱ አልነበረም።

ሕጉ ምን ይላል?

ኢትዮጵያ የብዝኃ ሕይወት ስምምነትን እ.ኤ.አ. በ1994 አጽድቃለች። ከዚያም የጀነቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት አርክቦትና የማኅበረሰብ መብቶች አዋጅ ቁጥር 482/1998 ወጥቷል። በአዋጁ መሠረት፦

• የጀነቲክ ሀብት ባለቤትነት የመንግሥትና የኢትዮጵያ ሕዝብ ነው፤ የማኅበረሰብ ዕውቀት ባለቤትነት ደግሞ የሚመለከተው ማኅበረሰብ ነው።

• የጀነቲክ ሀብትን ለመውሰድ የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ፈቃድ ያስፈልጋል። ሀብቱን ወደ ውጭ አገር ለመላክም የተቋሙ የመላኪያ ፈቃድ ግዴታ ነው።

• ስለ ደን ቡና አጠቃቀም ወይም ስለ መድኃኒትነቱ ያለውን የማኅበረሰብ ዕውቀት ለመውሰድ የሚመለከተው ማኅበረሰብ አስቀድሞ አውቆ ሊፈቅድ ይገባል።

• ከጀነቲክ ሀብቱ አጠቃቀም መንግሥት በገንዘብ ከሚያገኘው ጥቅም 50 በመቶው ለአካባቢው ማኅበረሰብ ይደርሳል፤ የሚውለውም ለጋራ ጥቅሙ ነው።

ምን አይከለከልም?

አዋጁ የአርሶ አደሩን የዕለት ተዕለት ኑሮ አይነካም። ማኅበረሰቦች በልማዳቸው መሠረት ዘርና ችግኝ መለዋወጥ ይችላሉ። ለመጠጥ የሚሸጥ ቡናም የአዋጁ ፈቃድ አያስፈልገውም። የአገር ውስጥ የመንግሥት ምርምር ተቋማትና የከፍተኛ ትምህርት ተቋማት በአገር ውስጥ ለሚያካሂዱት ጥናት በልዩ ፈቃድ ሊስተናገዱ ይችላሉ።

ጥያቄ ሲቀርብ ምን ማድረግ ይገባል?

1. ናሙና ሰብሳቢው ከኢንስቲትዩቱ የተሰጠውን ፈቃድ እንዲያሳይ መጠየቅ። ጥያቄው የአዋጁ ድንጋጌ እንጂ እንግዳን አለማክበር አይደለም።

2. ፈቃዱ የትኛውን ተክል፣ ከየትኛው ቦታና ለምን ዓላማ እንደሚመለከት ማጣራት።

3. ፈቃድ ለሌለው ሰው ናሙና አለመስጠት፤ ያለፈቃድ የተሰበሰበ ሲገኝም ለቀበሌ ወይም ለወረዳ አስተዳደር ማሳወቅ።

4. የማኅበረሰቡ ዕውቀት የሚጠየቅ ከሆነ ጉዳዩ በአንድ ግለሰብ ቃል ብቻ እንዳይወሰን ማድረግ።

የካፋ ደን እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት ተመዝግቧል። ደኑን ጠብቆ ለዚህ ያበቃው ማኅበረሰብ ከደኑ ከሚወጣው ዕውቀት ተጠቃሚ የሚሆነው መብቱን ሲያውቅና ናሙናው ከመወሰዱ በፊት ሲጠይቅ ነው።