ያውቁ ኖሯል? «ከሆነ» እና «ካልሆነ» በሲ ቋንቋ

የሲ ቋንቋ ትምህርት የጀመረ ሁሉ ብዙም ሳይቆይ «ኢፍ» እና «ኤልስ»ን ያገኛቸዋል። በአማርኛ «ከሆነ» እና «ካልሆነ» ብንላቸው ትርጉማቸው አያስቸግርም። የሚያስቸግረው ቅንፉ ውስጥ የሚገባው ነገር ነው። ከዚህ በታች ያሉትን እያንዳንዳቸውን ኮምፒውተርዎ ላይ ጽፈው ቢሞክሯቸው አይረሱዋቸውም። (ቃላቱን እንደሚነበቡ ጽፌያቸዋለሁ፤ ኮዱ ላይ በላቲን ፊደል ይገባሉ።)

ያውቁ ኖሯል? ዴኒስ ሪቺ በአሜሪካው ቤል ላብስ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሲን ሲቀርጽ «እውነት» እና «ሐሰት» የሚባል የተለየ ዓይነት አላበጀም። ዜሮ ሐሰት ነው፤ ከዜሮ ሌላ የሆነ ቁጥር ሁሉ እውነት ነው። ለሁለቱ የተለየ ዓይነት የተጨመረው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው የቋንቋው ደረጃ ነው። ስለዚህ «ኢፍ (-1)» እውነት ነው። ከዜሮ በታች ያለውን ቁጥር ሐሰት የሚያደርጉ ጀማሪዎች ብዙ ናቸው።

ያውቁ ኖሯል? አንድ «=» ትእዛዝ ነው፤ ሁለት «==» ደግሞ ጥያቄ። «ኢፍ (ዕድሜ = 18)» ብለው ከጻፉ ኮምፒውተሩ ዕድሜው 18 መሆኑን አይጠይቅም። 18ን ዕድሜ ውስጥ ያስቀምጣል፤ ያስቀመጠው ዜሮ ስላልሆነም «እውነት» ብሎ ያልፋል። የ7 ዓመቱ ልጅ ለመምረጥ ደረሰ ማለት ነው፤ ዕድሜውም ከዚያ መስመር በኋላ 18 ሆኖ ይቀራል። ምልክቱ እንዲህ የሆነው ከሲ በፊት በነበረው ቢ በተባለው ቋንቋ ነው። አልጎል የተባለው ቋንቋ «:=» ይጠቀም ነበር። የቢ ሠሪ ኬን ቶምፕሰን ግን በፕሮግራም ውስጥ ከማወዳደር ይልቅ ማስቀመጥ ስለሚበዛ አጭሩን ምልክት ለሚበዛው ሥራ ሰጠው።

የዚህች ምልክት ጉዳይ የጀማሪ ብቻ አይምሰልዎ። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2003 አንድ ያልታወቀ ሰው ከሊኑክስ ሥርዓተ ክወና ዋና ኮድ ቅጂዎች በአንዱ ውስጥ ሁለት መስመር ሸሽጎ አስገባ። ሲያዩት ተራ የስህተት ማጣሪያ ይመስላል፤ «የተጠቃሚው መለያ ዜሮ ከሆነ» የሚል። በሊኑክስ መለያ ዜሮ ማለት ሁሉን ማድረግ የሚችለው አስተዳዳሪ ነው። ሰውዬው የጻፈው ግን «==» ሳይሆን «=» ነበር። መስመሩ ቢሠራ ኖሮ ዘዴውን የሚያውቅ ማንኛውም ተጠቃሚ በአንድ ጥሪ አስተዳዳሪ ይሆን ነበር። የተያዘው ቅጂው ከዋናው ማኅደር ጋር ሲመሳከር ስላልገጠመ ነው፤ ዋናው ኮድ አልተነካም። እኔ ለጀማሪ የማስተምረው አንድ ነገር ብቻ ቢሆን ይህችን አንዲት ምልክት እመርጥ ነበር።

ያውቁ ኖሯል? በሒሳብ ደብተር ትክክል የሆነው «50 <= ነጥብ <= 100» በሲ ሁልጊዜ እውነት ነው። ቋንቋው መጀመሪያ «50 <= ነጥብ»ን ይመዝናል፤ መልሱ 0 ወይም 1 ይሆናል። ከዚያ ያንን 0 ወይም 1 ከ100 ጋር ያወዳድረዋል። ነጥቡ 300 ቢሆንም፣ ከዜሮ በታች 20 ቢሆንም ያልፋል። ትክክለኛው «ነጥብ >= 50 && ነጥብ <= 100» ነው («&&» «እና» ማለት ነው)።

ያውቁ ኖሯል? ቅደም ተከተልም ይፈርዳል። የውጤት ፕሮግራም ሲጽፉ «ነጥብ >= 50 ከሆነ ሲ» የሚለውን ካስቀደሙ፣ ከታች «ነጥብ >= 85 ከሆነ ኤ» ቢሉም 98 ያመጣ ተማሪ ሲ ይዞ ይወጣል። የ«ኤልስ ኢፍ» ሰንሰለት እውነት ሆኖ ካገኘው የመጀመሪያ በር ይገባል፤ የቀሩትን ዞር ብሎ አያይም።

ያውቁ ኖሯል? «ኢፍ (ነጥብ >= 50);» ብለው መጨረሻው ላይ ሴሚኮለን ካደረጉ «ካለፈ ምንም አታድርግ» ብለዋል። ቀጥሎ ያለው «እንኳን ደስ አለህ» ለወደቀውም ይታተማል።

ያውቁ ኖሯል? የመስመር መግቢያ፣ ማለትም በታብ ወደ ውስጥ ማስገባቱ፣ ለሰው ዓይን እንጂ ለሲ ምንም አይደለም። ጥምዝ ቅንፍ ከሌለ «ኢፍ» የሚገዛው አንድ መመሪያ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2014 አፕል የአይፎንን ሶፍትዌር በአስቸኳይ ያረመው በዚሁ ምክንያት ነበር። የድረ ገጽን ማንነት በሚያረጋግጠው የሲ ኮድ ውስጥ «ጎቱ ፌይል» የምትል መስመር በስህተት ሁለት ጊዜ ተደግማለች። የመጀመሪያዋ በ«ኢፍ» ሥር ናት። ሁለተኛዋ ወደ ውስጥ ገብታ ብትጻፍም ከማንም ሥር አልነበረችም፤ ስለዚህ ሁልጊዜ ትፈጸማለች፣ ቀጣዩን ምርመራም ታዘልላለች። አስመሳይ ድረ ገጽ በዚያ ክፍተት ማለፍ ይችል ነበር። አንድ መስመር ብቻ ቢሆንም ቅንፉን ይክፈቱ፣ ይዝጉም።

ቅንፍ ከሌለ ደግሞ «ኤልስ» የሚጠጋው በጣም ቅርቡ ወዳለው «ኢፍ» ነው፤ እርስዎ ከየትኛው ጋር አስተካክለው እንደጻፉት አይጠይቅም።

ያውቁ ኖሯል? «&&» ግራው ሐሰት ከሆነ ቀኙን ጨርሶ አይነካም። ስለዚህ «ተማሪዎች != 0 && ድምር / ተማሪዎች >= 50» ክፍሉ ባዶ ቢሆንም በዜሮ አያካፍልም። ቦታቸውን ካቀያየሩ ፕሮግራሙ ሊወድቅ ይችላል።

ያውቁ ኖሯል? «ብሬክ» ከ«ኢፍ» አያስወጣም። የሚያስወጣው ከቅርቡ ድግግሞሽ ወይም ከ«ስዊች»፣ ማለትም በአንድ እሴት መሠረት ከብዙ አማራጮች ከሚመርጠው መመሪያ፣ ነው። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 15 ቀን 1990 የአሜሪካው ኤቲ ኤንድ ቲ የረጅም ርቀት ስልክ መረብ ለ9 ሰዓት ያህል ተሽመደመደ፤ 114 የመቀያየሪያ ማዕከላት እየወደቁና እየተነሡ እርስ በርስ ተጣጣሉ። መነሻው በሲ በተጻፈ አዲስ ሶፍትዌር ውስጥ በ«ስዊች» ሆድ ባለ «ኢፍ» ውስጥ የተቀመጠ «ብሬክ» ነበር።

ያውቁ ኖሯል? እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 31 ቀን 2008 የማይክሮሶፍት ዙን ሙዚቃ ማጫወቻዎች፣ ባለ 30 ጊጋባይቶቹ፣ በየባለቤቶቻቸው እጅ ደርቀው ቀሩ። ውስጣቸው ያለው ሰዓት እ.ኤ.አ. ከ1980 ጀምሮ ያለፉትን ቀናት ቆጥሮ ዓመቱን የሚያገኝ የሲ ኮድ ነበረው። አካሄዱ እንዲህ ነው፦ ቀናቱ ከ365 እስከበለጡ ድረስ ድገም። ዓመቱ ሠግር (ባለ 366 ቀን) ከሆነና ቀናቱ ከ366 ከበለጡ 366 ቀንስ፣ ወደ ቀጣዩ ዓመት እለፍ። ሠግር ካልሆነ 365 ቀንስ፣ እለፍ። አሁን ልክ 366ን ይዘው ይግቡ። ከ365 ይበልጣል፤ ስለዚህ ይደገማል። 2008 ሠግር ነው። ከ366 ግን አይበልጥም፤ እኩል ነው። ለዚህ ጊዜ የሚሆን «ኤልስ» ማንም አልጻፈም። የሚቀንስ የለም፣ የሚያስወጣ የለም፤ ያንኑ ጥያቄ እየደጋገመ ይዞራል። ለባለቤቶቹ የተነገራቸው መፍትሔ ባትሪው እስኪያልቅ ጠብቀው በማግስቱ መልሰው እንዲሞሉት ነበር። ኮዱ በአራት ዓመት ከአንድ ቀን በቀር ትክክል ስለሆነ በ100፣ በ200፣ በ300 ቢሞክሩት ምንም አያገኙበትም። 365፣ 366 እና 367ን ማስገባት ብቻ ነበር የሚያጋልጠው። የውጤት ፕሮግራምዎንም 49፣ 50 እና 51ን አስገብተው ይሞክሩት።

ያውቁ ኖሯል? ይህንኑ የሠግር ዓመት ልምምድ በጳጉሜ መሥራት ይቻላል፤ ከፈረንጆቹም ይቀላል። በእነሱ አቆጣጠር ዓመቱ ሠግር የሚሆነው ለ4 ሲካፈል ነው፤ ለ100 ከሆነ ግን አይደለም፣ ለ400 ከሆነ ደግሞ ነው። በእኛ አንድ መስመር ይበቃል፦ «ኢፍ (ዓመት % 4 == 3)» ጳጉሜ 6 ቀን፣ ካልሆነ 5። 2015 ለ4 ሲካፈል 3 ቀርቶት ጳጉሜ 6 ነበረች፤ 2019ም እንዲሁ ነው። ጳጉሜ 6 የምትሆንበት ዓመት ዘመነ ሉቃስ ነውና ቀጥለው ወንጌላውያኑን በ«ስዊች» ይጻፉ፦ ቀሪው 1 ከሆነ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ 0 ዮሐንስ። ሲሠራልዎ አራቱንም «ብሬክ» ያጥፉና 2017ን ያስገቡ። ቀሪው 1 ነው፤ ማቴዎስ ይታተማል፣ ማርቆስም ይከተላል፣ ሉቃስም ዮሐንስም፤ አራቱም በአንድ ዓመት።